ደምለው ይውጣበት

«ደምለው ከእንግዲህ ለሚዛኑ አይሆንም» የሚለውን ቃል ደምለው የሰማው ጆሮውን አቁሞ ሲያዳምጥ ሳይሆን ጫማውን ሲፈልግ ነው። ሽንፋ ላይ ብዙው ቤት ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ የማሽላ አገዳ ነው፤ ጭቃው ፀሐይ ይከለክላል፣ አገዳው ግን ወሬ አይከለክልም። የሚስቱ የታይቱ ታላቅ ወንድም እንግዳው በማለዳ መጥቶ ደጅ ካለው ዳስ ሥር ተቀምጧል። ደምለው ደግሞ ከውስጥ አልጋው ሥር ተደፍቶ፣ አንደኛውን ጫማ በእጁ ይዞ ሁለተኛውን እየዳበሰ ነበር። ከሦስት ወር በፊት ቢሆን አልጋ ሥር መግባት ቀርቶ የጫማ ክር ማሰር እንኳ የታይቱ ሥራ ነበር፤ ሆዱ ከጉልበቱና ከእጁ መካከል እንደ ዳኛ ይቀመጥና አያገናኛቸውም ነበር።

«እኔ ክፉ አላሰብኩም ታይቱ» ይላል እንግዳው። «ግን ገበሬው ምን ይበል? ያን የሚያህል ሰውዬ በሦስት ወር እንዲህ ሲሟሽሽ እያየ! ያ የቆላ በሽታ ካላዛር ነው የሚሉ አሉ። ሌላም የሚሉ አሉ፣ አፌን አላበላሽም። ሚዛኑን እስካሁን ለሚስቴ ዘመድ ለምናለ በውሰት ነበር የሰጠሁት፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን አጽንቼለታለሁ። ደምለው በር ላይ ይቀመጥ፣ ጥላ ሥር ወንበር አለ።»

«ጋሼ፣ ሐኪሟ እኮ ደኅና ነው ብላለች።»

«ሐኪሟ ልጅ ናት። ባልሽ ሊሞት ነው ትበልሽ?»

ደምለው አንድ ጫማ በእጁ፣ አቧራ በአፍንጫው እንደያዘ ጠበቀ። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች ሴት አንድ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ። ወንድምየው ተነስቶ ሄደ፣ የሞተር ብስክሌቱ ድምፅ በሰፈሩ ውስጥ እየራቀ ጠፋ፣ ታይቱ ግን ዝም እንዳለች ዳሱን መጥረግ ጀመረች። ሁለተኛው ጫማ ከግድግዳው ጥግ ተገኘ።

የሚዛኑ ነገር ለሌላ አገር ሰው ተራ ሥራ ይመስለው ይሆናል። የእንግዳው የሰሊጥ መጋዘን ሚዛን ግን ከደምለው ጋር ያለው ጉዳይ የሥራ ብቻ አልነበረም። ደምለው ለአሥራ አንድ ዓመት ራሱ ልክ አንድ ኩንታል ሲመዝን የኖረ ሰው ነው። ዘጠና ዘጠኝም፣ መቶ አንድም አይደለም፣ መቶ። መጋዘኑ የማረጋገጫ ብረት አለው፣ ማኅተም ያረፈበት፤ ገበሬው ግን ብረቱን ማን እንደሠራው አያውቅም፣ ደምለውን ማን እንዳበላው ግን ያውቃል። ስለዚህ በሰሊጥ ወቅት ጠዋት ጠዋት፣ የመጀመሪያው ጆንያ ሳይወርድ፣ ከገለጉ የመጣውም ከአብደራፊ የመጣውም ገበሬ በአንድ ድምፅ «ደምለው ይውጣበት!» ይላል። ደምለው ጫማውን ያወልቅና ይወጣል፤ እጁን ጎንና ጎን ይለቃል፤ ትንፋሹን ለክብር ያህል ይይዛል። በሚዛኑ ክንድ ላይ የምትንሸራተተው ብረት መቶ ላይ ስታርፍ በዓረብኛ «ተማም!»፣ ልክ ነው፣ ይባልና ሥራ ይጀመራል። ከሚዛኑ በላይ ባለው ምሰሶ ላይ እንግዳው ራሱ በቀይ የዘይት ቀለም «ደምለው 100» ብሎ ጽፎበታል። በየመስከረሙ ደግሞ አንድ ሙክት ይልክለታል። ሰው እንግዳው ለእህቱ ባል ያለውን ፍቅር አይቶ ያደንቃል፤ ሙክቱ ግን ክረምቱን የጎደለች ኪሎ ካለች ወቅቱ ሳይገባ እንድትሞላ ነበር።

ባለፈው መስከረም ታዲያ ሙክቱ ሳይመጣ ጥማት መጣ። ውሃ እየጠጣ የማይረካ፣ ከተኛበት አምስቴ ለሽንት የሚነሳ ሰው ሆነ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ነርሷ ስርጉት ከጣቱ አንድ ጠብታ ደም ወስዳ ስኳር ነው አለችው፤ ትልልቅ ሰዎችን የሚይዘው፣ ሁለተኛው ዓይነት። እንክብል ሰጠችው። «ክብደትዎን መቀነስ አለብዎ ጋሼ ደምለው፣ ቀስ ብለው ግን። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይበቃል» አለችው። ደምለው የመጋዘን ሰው ነው። ሰሊጥ ገለባ ካለው በአንድ ቀን ይበጠራል እንጂ በሳምንት አንድ እፍኝ እየተባለ አይበጠርም። ስለዚህ በልቡ ሐኪሟን አረማት። ጠዋት ስኳር የሌለው የከርከዴ ሻይ፣ ቀትር ላይ ከርከዴ፣ ማታ ሁለት ጉርሻ። እንክብሉን በባዶ ሆዱ ይውጥና በዚያ እሳት በሚተፋ ፀሐይ እስከ ሽንፋ ወንዝ ደርሶ ይመለሳል። በሃያ አንድ ቀን ስድስት ኪሎ ጣለ፤ ለጎረቤቱም ሁሉ አንድ በአንድ አወራ።

በጥቅምት የመጋዘኑ መክፈቻ ዕለት «ደምለው ይውጣበት!» ተባለ፣ ወጣ፣ ዓለም ዞረችበትና እዚያው ሚዛኑ ላይ ተዘረረ። የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ብረቷን የሚያንሸራትተው የእንግዳው ሚስት የወንድም ልጅ ምናለ ነበርና፣ ከልማድ የተነሳ ይሁን ከድንጋጤ፣ ሰውዬው እንደተዘረረ ብረቷን አሳርፎ «ዘጠና አራት!» ብሎ ጮኸ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሻይ የሚያፈላው ሱዳናዊው አብዱረሕማን የስኳር ቆርቆሮውን ይዞ ሮጦ ስኳር አፉ ውስጥ ጨመረለት፤ ለዚያ ቀን ስኳሩ መድኃኒት ሆነ። ስርጉት ስትደርስ ግን ቁጣዋ ከስኳሩ የባሰ አነቃው። «የጣሉት ስብ መሰለዎ? ጡንቻዎን ነው፣ ውሃዎን ነው! ሰውነት ጆንያ ነው እንዴ፣ ገልብጠው የሚያፈሱት?»

ከዚያ ወዲህ ደምለው የሚታዘዝ ሰው ሆነ። በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል፤ ከሳህኑ ግማሹ ጎመንና ቲማቲም፣ ሩቡ ምስር፣ ሩቡ እንጀራ። ጎመኑ ከጎንደር በመኪና ስለሚመጣ እስሩ ከዶሮ ዋጋ ጋር የሚወዳደርበት ቀን አለ፤ ታይቱ እያጉተመተመች ትገዛለች። በጠዋቱ ጥላ ይራመዳል። ኪሱ ውስጥ ድንገት ራሱን ቢያዞረው ብሎ አራት ከረሜላ ይይዛል። የነቢያት ጾም ሲገባ የነፍስ አባቱን ጠየቀ፤ «ከሥጋውና ከወተቱ ጹም፣ ከሰዓቱ ግን አትጹም፤ መድኃኒት ያለ እህል አትዋጥ» አሉት። ጎረቤት በማለዳ ሲበላ አይቶ አገጩን ይዟል። ይያዝ።

ዛሬ የወሩ ቀጠሮ ነበር። ቁርሱን በምሳ ዕቃ ይዞ፣ ደሙ የሚለካው በባዶ ሆድ ነውና ሳይቀምስ ሄደ። ጤና ጣቢያው ድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ በመስከረም ሦስቴ ቆሞ ይደርስ ነበር፣ ዛሬ ሳይቆም ደረሰ። አለመቆሙን የሚያስታውሰው ነገር ስላልነበረ ሳያስተውለው ሊያልፍ ነበር። ልቡ ከእንግዳው ቃልና ከታይቱ ዝምታ ጋር ነበር። በር ጠባቂ! ወንበሩን ያውቀዋል፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ የፕላስቲክ ወንበር። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ሥራው ለሚገባው መኪና ገመድ ማላላት ነው።

ስርጉት ጫማውን አስወልቃ መዘነችው። በጥቅምት ምግብ ሲያስተካክል ዘጠና አምስት ገብቶ ነበር፣ በኅዳር ዘጠና ሦስት ሆነ፣ ዛሬ ዘጠና አንድ። ካርዱ ላይ ጻፈችው። ጣቱን ወግታ ማሽኗ እስክትቆጥር ጠበቀች። «መቶ አሥራ ስምንት!» አለች ስርጉት፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ። «ሁለት መቶ ስልሳ ነበር እኮ የጀመርነው! ጋሼ ደምለው፣ ይኼን ካርድ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ደስ ይለኝ ነበር።»

ደምለው ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ሲስተር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወደ መቶ ብመለስ ምን ይለኛል? ለሥራ ነው። ለወቅቱ ብቻ፣ ከዚያ እንደገና እቀንሳለሁ።»

ስርጉት መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ፊቱን ስታይ ቀልድ እንዳልሆነ ገባት፣ ተቀመጠች። «ለምን ሥራ ነው ዘጠኝ ኪሎ ስብ የሚያስፈልገው?» አለች። ደምለው ነገራት፣ ስለ ምሰሶው፣ ስለ ቀዩ ቀለም፣ ስለ ወንበሩ። እሷም ሰምታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ የሚዛን ነገር አላውቅም» አለች። «የማውቀው፣ መቶ ሲሆኑ ዓይንዎ ጭጋግ እያየ፣ እግርዎ እየደነዘዘ እንደነበረ ነው። ደግሞስ መቶ የነበሩት በሙክት ነው፤ ዘጠና አንድ የሆኑት ግን በራስዎ ነው።»

ከጤና ጣቢያው ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ምሳ ዕቃውን ከፈተ። ግማሽ እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመን። እንክብሉን ከእህሉ መሃል ዋጠ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ። እንጀራዋን ሲጠቀልል ታይቱ ጠርዟን በሳህን ልክ ቆርጣ እንዳስቀመጠችው አየ። በየቀኑ እንዲሁ ትለካለች፣ አንድ ቀን አልሳተችም። በወንድሟ ፊት ዝም ያለችው ሴት ይህችው ናት። ደምለው ሁለቱን አስታርቆ ማሰብ አቃተውና ምሳ ዕቃውን ከደነ።

መጋዘኑ ሲደርስ ሰዓቱ ረፋድ ሆኖ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ መንጣጣት ጀምሮ ነበር። ወንበሩ እውነትም በሩ ላይ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እንግዳው ከሩቅ በአገጩ ወንበሩን አሳየውና ዓይኑን መለሰ። ደምለው ተቀመጠ። አብዱረሕማን የለመደውን ከርከዴ ያለ ስኳር አመጣለትና እንደ ሁልጊዜው ፊቱን አኮማተረ፤ ያለ ስኳር መጠጥ መቅዳት ለእሱ ሰው መሳደብ ነው። «ዛሬ እዚህ?» አለው ወንበሩን እያየ። ደምለው «ዛሬ እዚህ» አለው።

ከመጋዘኑ ውስጥ ጭቅጭቅ የተሰማው ከርከዴው ሳያልቅ ነው። ከገለጉ ሃያ ሦስት ኩንታል ይዘው የመጡ አያ ቢያድግልኝ የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ከሚዛኑ ፊት ቆመው በትራቸውን ይደቃሉ። «ስጭነው መቶ መቶ ነበር! መንገድ ላይ ሁለት ሁለት ኪሎ ማን በላው? ሰሊጤ እንደ እናንተ የሚጾም መሰላችሁ?»

ምናለ ላብ በላብ ሆኗል። «ዘጠና ስምንት ነው የሚለው አያ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«አንተን ማን ጠየቀህ! ደምለው ይውጣበት!»

ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች ተቀበሏቸው፦ «ደምለው ይውጣበት!» እንግዳው እጁን ዘርግቶ መሃል ገባ። ደምለው ታሟል፣ የድሮው ደምለው አይደለም፣ እሱ ከእንግዲህ ለልክ አይሆንም፣ ወገኔ ተረዱኝ አለ። ነገሩን ለማለዘብ ያለው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሁሉም ወደ በሩ ዞሮ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው አየ። ደምለው ጆሮው ሲግል ታወቀው።

«መቶ ካልሆነ ስንት ነው ታዲያ?» አሉ አያ ቢያድግልኝ።

«ዘጠና አንድ» አለ ደምለው። ተነሳ። ጫማውን ከወንበሩ አጠገብ አወለቀና በባዶ እግሩ ወደ ሚዛኑ ሄዶ ወጣበት። እጁን ጎንና ጎን ለቀቀ። ምናለ ብረቷን አንሸራተተ፣ አቆመ፣ እንደገና ነካ አደረጋት። «ሰማንያ ዘጠኝ» አለ ቀስ ብሎ።

አንዱ ከኋላ ሳቀ። እንግዳው ወደ ደምለው ጠጋ ብሎ፣ ሌላው እንዳይሰማ እያሰበ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «አየህ?» አለ። «አየህ ወንድሜ፣ ከጠዋት እስካሁን እንኳ ሁለት ኪሎ ሄደብህ። ና ውረድ፣ እንሳፈርና ጎንደር እንውሰድህ።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ እውነቱን ነው። ደምለው ይህንን ሲያይ ቁጣው በረደ፤ በምትኩ የመጣበት ሳቅ ነው። ከኪሱ ካርዱን ሲያወጣ አንድ ከረሜላ አብሮ ወደቀ።

«ጋሼ፣ እኔ ዘጠና አንድ ከተመዘንኩ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ከዚያ ወዲህ ግማሽ እንጀራ፣ ምስር፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃና የአብዱረሕማንን ከርከዴ ጨምሬበታለሁ። ልጨምር እንጂ እንዴት ልቀንስ?» ካርዱን ለአያ ቢያድግልኝ አቀበላቸው። «ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና አንድ። በወር ሁለት ኪሎ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ምን እንደሆንኩ እዚሁ አይታችኋል። አሁን ሁለት ኪሎ ለመጣል አንድ ወር ይፈጅብኛል። ከጤና ጣቢያ እዚህ ድረስ ስመጣ ሁለት ኪሎ የምጥል ሰው አይደለሁም። የጎደለው እኔ ጋ አይደለም፣ እሱ ጋ ነው» ብሎ በባዶ እግሩ ሚዛኑን መታ መታ አደረገው።

አያ ቢያድግልኝ ካርዱን ማንበብ አልቻሉም፣ ግን ገልብጠው አዩት፣ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። «ይኼ ሰው እንዲህ በልክ ከኖረ ከሚዛኑ እሱን አምናለሁ» አሉ።

ደምለው ወረደና ያልታሰበ ነገር አደረገ፤ በሆዱ መሬት ላይ ተኛ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሲወርድ ሥሩን አይቶት አያውቅም፤ ሆዱ አያስጎነብሰውማ። አሁን ጉንጩን ከሲሚንቶው ጋር አጣብቆ አየ። ጆንያ ከሚወጣበት የብረት ወለል ሥር፣ በስተጀርባ በኩል፣ የፈሰሰ ሰሊጥ ከአቧራና ከዘይቱ ጋር ተጋግሮ የጡብ ያህል ቆሟል፤ ወለሉን ከሥር ደግፎ ሸክሙን ይካፈለዋል። «ወስፌ!» አለ ደምለው እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ። ምናለ ጆንያ የሚሰፋበትን ወስፌ አቀበለው። ደምለው እየጫረ፣ እያስነጠሰ፣ እፍኝ በእፍኝ አወጣው። ምናለ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ትናንት መጋዘኑን ሲጠርግ ሰሊጡን ወደ ሚዛኑ ሥር ገፍቶ ረግጦበት እንደነበር ተናገረ። ክፋት አልነበረበትም፣ ስንፍና እንጂ። ወገቡን ማጠፍ ከብዶት ነው፤ በሠላሳ ዓመቱ!

ደምለው አቧራውን እያራገፈ ሲነሳ መጋዘኑ በር ላይ ታይቱን አያት። የቀትሩን ምሳ በሌላ ዕቃ ይዛ መጥታ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አይታወቅም። እሱ ደግሞ ሰው ሳይጠይቀው ተመልሶ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ምናለ ብረቷን አንሸራተተ። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹን ያልያዘው ደምለው ነበር፤ የያዙት ሌሎቹ ናቸው። ብረቷ ከዘጠና አንድ አንዲት ፀጉር አለፍ ብላ ቆመች።

«ዘጠና አንድ!» ብሎ ጮኸ ምናለ።

«ፀጉሯስ?» አለ አንዱ።

«ቁርሴ ናት!» አለ ደምለው፣ መጋዘኑም በሳቅና በጭብጨባ ፈረሰ። አውራጆቹ ጆንያ ደበደቡ። አብዱረሕማን ሻይውን ጥሎ ገብቶ «ተማም! ተማም!» እያለ ይጨፍራል። የአያ ቢያድግልኝ ጆንያ እንደገና ሲወጣ መቶ አለ፤ ሽማግሌው በትራቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። እንግዳው ከጠዋት ጀምሮ የገባው ሁሉ እንደገና እንዲመዘን ካዘዘ በኋላ፣ ቆቡን አውልቆ መልሶ ደፋ። ከዚያ ራሱ ወደ በሩ ሄደና የደምለውን ጫማ አንስቶ አመጣለት። እንዲህ ያለ ነገር እንግዳው በዕድሜው ለማንም አድርጎ አያውቅም።

ታይቱ ያን ጊዜ ወደ መሃል ገባች። ምሳ ዕቃውን ሚዛኑ ዳር አስቀመጠች። «ጋሼ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጠዋት መልስ ያልሰጠሁዎ አክብሬዎ ነው። አሁን ልንገርዎ። ባሌ አልታመመም፣ እየዳነ ነው። እኔ ነኝ እንጀራውን በሳህን ልክ የምቆርጠው፣ እኔ አውቃለሁ። ለመስከረም ሙክቱን አይላኩብን።»

እንግዳው እህቱን አያት፣ ደምለውን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ። «ደምለው 100» የሚለው ቀይ ጽሑፍ እዚያው አለ። «ይኼ ከእንግዲህ ውሸት ነዋ» አለ። «ምናለ፣ ቀለሙን አምጣ፣ እናድሰው።»

ምናለ የቀለሙን ቆርቆሮና ብሩሹን ይዞ መሰላሉን ሲያስጠጋ ደምለው ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ፣ በገዛ እጁ፣ ሳይቸኩል። ቀና ሳይል «ቀለሙን ተወው» አለው። «አሮጌውን ፋቅና አዲሱን በጠመኔ ጻፈው። በጥር ሰማንያ ዘጠኝ ነኝ።»